በሾላው ሥር የተጋራነው መርፌ

የልጅ ልጄን ዓይን ያየሁ ቀን ነጩ ቦታ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆኖ አገኘሁት። አደይን በመስከረም ሜዳ ላይ ሳያት ልቤ ይፈካል። በሰው ዓይን ውስጥ ፈክታ ሳያት ግን ጠላኋት።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ማን እንደነበርኩ ትንሽ ልንገራችሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል ያወቅሁት ባለቤቴ መሪጌታ ተማሪዎቹን ሲያስቆጥር ከጓዳ ሆኜ እየሰማሁ፣ ኋላም ዳዊት ሲደግም አጠገቡ ተቀምጬ ጣቱን እየተከተልኩ ነው። እሱ ካረፈ ወዲህ አንድ ቤት መርጋት አቃተኝ። ሽንዲ ከልጄ ዘንድ እከርማለሁ፣ ፍኖተ ሰላም ከሴት ልጄ ዘንድ እሰነብታለሁ፣ የግሽ ዓባይ ጸበል ሲናፍቀኝ ደግሞ መቋሚያዬን ይዤ ብድግ ነው። ልጆቼ «የእማማ ትርንጎ እግር ንፋስ ገብቶበታል» እያሉ ይስቁብኛል። ለምን እንደምዞር ብትጠይቁኝ፣ ያኔ እኔም አላውቀውም ነበር።

ጌትነት የሟች ልጄ ልጅ ነው። እናቱ ገና ጡቷን ሳይጠግብ አረፈችበት፤ በላም ወተት ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ሌላው ሰው ሁሉ «እርስዎ» ሲለኝ እሱ ብቻ «አንቺ» ይለኛል። ሰው ቢታዘበውም እኔ ግን ደስ ይለኛል። ሲጎረምስ ቡሬ ገባና እህል መጋዘን ጆንያ እየተሸከመ መኖር ጀመረ። መጀመሪያ ሰሞን ስልኩ ከጆሮዬ አይጠፋም ነበር። ኋላ ኋላ አንድ ጊዜ ሲደውል «ደህና ነኝ እምዬ» ብሎ ቶሎ መዝጋት አመጣ። ድምፁ ውስጥ እኔ የማላውቀው ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን ከግሽ ዓባይ ጸበሌን በጀሪካን ይዤ እየተመለስኩ ነው። ቡሬ መናኸሪያ ስወርድ፣ የሽንዲውን መኪና ከመያዜ በፊት ልጁን ልየው፣ ጸበሉንም ላቅምሰው አልኩ። ባጃጅ ይዤ ከእህል መጋዘኖቹ ጀርባ ወረድኩና፣ ጎረቤቶቹ ያሳዩኝን የቆርቆሮ በር በመቋሚያዬ አንኳኳሁ።

«ማን ልበል?» አለ የማላውቀው ድምፅ።

«ትርንጎ ነኝ። የጌትነት አያት።»

 ከውስጥ ሹክሹክታ፣ ከዚያ የሆነ ነገር ተጠራርጎ አልጋ ሥር ሲገፋ ሰማሁ። በሩ ትንሽ ገርበብ አለና አንድ ረጅም ወጣት አንገቱን አወጣ። ደሴ ይባላል፤ ከጌትነት ጋር አብሮ የሚሸከም፣ አብሮም የሚኖር ልጅ መሆኑን ኋላ ነው ያወቅሁት።

«እንዴት ዋሉ እማማ! ጌትነት እኮ የለም። ሥራ ገብቷል።»

«ጫማውስ?»

«የቱ ጫማ?»

«ያው እግርህ ሥር ያለው። ለፋሲካ የገዛሁለት እኔ ነኝ።»

ልጁ ወደ ታች አየ። «እ... ጫማውን ትቶት ነው የሄደው።»

«ባዶ እግሩን ጆንያ ሊሸከም? አንተ ልጅ፣ ስትዋሽ እንኳ ጫማ አድርግለት እንጂ!»

ከውስጥ ሳቅ ፈነዳ። ያንን ሳቅ ከሺህ ሳቅ መሐል እለየዋለሁ። ደሴ ተሸንፎ በሩን ከፈተልኝ።

ጌትነት ከደሴ አልጋ አጠገብ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል።

«ዞር በል እስቲ ልይህ።»

«ተኝቻለሁ እምዬ።»

«የተኛ ሰው መልስ አይሰጥም።»

ቀስ ብሎ ዞረ። ያን ጊዜ ነው አደይዋን ያየሁት። ፊቱ ከስቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ እጁን ስይዘው መዳፉም ያው ቢጫ ነው።

«የወፍ በሽታ!» አልኩ፤ ጀሪካኔ ከእጄ ወደቀ።

በእኛ አገር ዓይኑ ቢጫ የሆነን ሰው የሌሊት ወፍ ኩሷን ጥላበት ነው ይሉታል። መድኃኒቱም የታወቀ ነው። ከሽንዲ ወዲያ ሥር የሚምስ አዋቂ አለ፤ ወቅጦ፣ በጥብጦ በባዶ ሆድ ያጠጣል። የጠጣውን ሰው ቢጫውን ያስመልሰዋል፣ ቀኑ ያልደረሰ ይድናል። እኔም ሌላ አላሰብኩም።

«ተነስ። ዛሬውኑ እንሄዳለን» አልኩት።

ልጄ እኔ ከገባሁ ጀምሮ ያላየሁበት ብርሃን ፊቱ ላይ መጣ። «እሺ እምዬ፣ እንሂድ» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እዚያ... ብዙ አይጠይቁም አይደል?» አለኝ።

ደሴ ድንገት መሬት መሬት ማየት ጀመረ። እኔ ግን ጥያቄውን ልብ አላልኩትም። ጋቢውን እያለበስኩት ሳለ በሩ እንደ ቤተኛ በመዳፍ ተመታ፤ አንዲት ሻሽ ያሰረች፣ ትከሻዋ ላይ ቦርሳ ያንጠለጠለች ወጣት ገባች። ደም ግባቷ፣ አገባቧ፣ ሁሉ ነገሯ ለቤቱ እንግዳ አለመሆኗን ይናገራል። በጭንቄ መሐል እንኳ ተስፋ ብልጭ አለብኝ።

«ምነው ልጄ፣ ምራቴ ነሽ እንዴ?»

ደሴ ሳቁ አመለጠው። «ኧረ እማማ! ስመኝ እኮ የነፍስ አባታችን ናት። ንስሐ ታስገባናለች፤ ብቻ ቀኖናዋ ሳሙና ነው።»

«አንተ ዝም በል፣ ያለፈውን ቀኖና መቼ ፈጸምክና!» አለችውና ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። ቀና ስትል የጌትነትን ዓይን አየች። ፈገግታዋ ጠፋ።

«መቼ ነው የጀመረህ? ሽንትህስ ጠቁሯል? ወዴት ልትሄዱ ነው?»

«አዋቂ ዘንድ» አልኳት፣ «ሥር ሊጠጣ።»

ስመኝ ከፊቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አልተቆጣችም፣ አልሳቀችብኝም። እጄን ይዛ እንዲህ አለችኝ፤ «እማማ፣ ጉበት ማለት የቤት እመቤት ናት። የገባውን ሁሉ ተቀብላ የምታጣራ፣ ክፉውን ከደጉ የምትለይ እሷ ናት። አሁን እመቤቲቱ ታማ ተኝታለች። በባዶ ሆዱ ያን ሥር ማጠጣት፣ በታመመች ሴት ቤት ድንኳን ሙሉ እንግዳ ማስገባት ነው። ሥሩ ራሱ ይገድለዋል። ጸበሉን ያቅምሱት፣ እኔም አብሬ አሜን እላለሁ። ሥሩን ግን አደራዎን!»

«ታዲያ ምን ይበጀዋል?»

«ጤና ጣቢያ። የወፍ በሽታ የምንለው ብዙ ዓይነት ነው፤ የትኛው እንደያዘው ደሙ ሳይታይ አይታወቅም።»

«አልሄድም!» አለ ጌትነት። «ከእምዬ ጋር ሄጄ ሥሩን እጠጣለሁ።»

«ሊገድልህ ይችላል እያልኩህ ነው።»

«ይግደለኛ።» ዓይኑን ወደ እኔ ወረወረና ወዲያው ሰበረው። «ስመኝ፣ በእናትሽ...» አላት። ከዚያ በላይ አልጨመረም።

እኔ እስካረጅ ብዙ የታመመ ሰው አይቻለሁ። መዳን የማይፈልግ ግን ያን ቀን ገና ማየቴ ነው። ልጄ አንድ ነገር ከሞት አብልጦ ይፈራል። ያ የሚፈራው ነገር ደግሞ እኔ ነኝ። 

ስመኝ ጋቢውን አስተካከለችለት። «ያንተን ነገር አልናገርም ጌትዬ» አለችው። «የራሴን ግን ማንም አይከለክለኝም።»

ወደ እኔ ዞራ እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ ላይ፣ በደም ሥሯ መንገድ፣ እንደ ዘር የተዘሩ ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉ።

«እማማ፣ እኔ መርፌ እወጋ ነበር። ለከባድ ሕመምተኛ የተሠራውን ማደንዘዣ፣ ሳያመኝ። ለመርሳት ነበር የጀመርኩት፤ ኋላ ሁሉን ነገር ስረሳ እሱ ብቻ አልረሳ አለኝ። ከጓደኞቼ ጋር በአንድ መርፌ ነበር የምንወጋው። ሲ የሚሉት የጉበት በሽታ ገባብኝ። ዓይኔ ቢጫ አልሆነም፣ አላተኮሰኝም። እየሳቅሁ እየዞርኩ ውስጥ ውስጡን ይበላኝ ነበር። ተመርምሬ ክኒኑን ዋጥኩ፣ ዳንኩ። አንዷ ጓደኛዬ ግን "ምንም አላመመኝም" ብላ ቀረች። እውነት ብላ ነበር፤ እስከ መጨረሻው አላመማትም ነበር። ከቀበርናት ወዲህ በየቤቱ እየዞርኩ ይህንኑ አስተምራለሁ።»

ክንዷን ዳበስኩላት። እሷ ግን ሐዘኑ እንዲቆይ አልፈቀደችም። «በል ደሴ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ!» አለችው።

ከቦርሳዋ በላስቲክ የታሸገ አዲስ የመርፌ ስሪንጅና የቀይ ሥር ጭማቂ ያለበት ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። ጭማቂውን በስሪንጁ ሳበችና መልሳ ወደ ጠርሙሱ ገፋችው። አራገፈችው። «የቀረ ነገር አለ?» አለች።

«ጠርገሽዋል» አለ ደሴ።

ከብርጭቆው ንጹሕ ውሃ ሳበችና እዚያው መልሳ ገፋችው።

ልጆቼ፣ እኔ ተአምር ሲነበብ ያደግሁ ሰው ነኝ። በዚያች ብርጭቆ ውስጥ ያየሁት ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ባዶ ነው ካልነው ነገር ውስጥ ቀይ ጭስ የመሰለ ነገር ወጣ፤ እየተጠማዘዘ ወረደ፤ ውሃው ሁሉ ቀስ እያለ እንደ ጎሕ ቀላ። 

«ይህ እንግዲህ በዓይን የሚታየው ነው» አለች ስመኝ በዝግታ። «በሽታው ቀለም የለውም። መርፌው ላይ ይቀመጣል፣ በጋራ በምትቀዱት ውሃ ላይ፣ በማንኪያው ላይ፣ በጥጡ ላይ ይቀመጣል። ለቀናት ሳይሞት ይጠብቃል።»

«ቢሆንም» አለ ደሴ፣ «እኛ እኮ ሁሌ እናጥበዋለን።»

ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። ግን ቃል አንዴ ከወጣ አይመለስም። ጌትነት ጋቢውን እስከ አናቱ ሳበ።

ለካ አልጋ ሥር የተገፋው ነገር መርፌ ኖሯል። ለካ ድምፁ ውስጥ የሰማሁት ሌላ ሰው እሱ ኖሯል። ሦስቱም ልጆች ጩኸቴን፣ ለቅሶዬን፣ እርግማኔን ሲጠብቁ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«አንተ ደሴ፣ የፍስክ ጭልፋ ታጥቦ በጾም ወጥ ይገባል?»

«እ... ኧረ አይገባም እማማ።»

«ለምን? ታጥቦ የለም እንዴ?»

«ቅቤው መቼ ይለቅና!»

«በዓይንህ ታየዋለህ?»

ደሴ ብርጭቆውን አየ፣ እኔን አየ። ስመኝ እጇን አጨበጨበች፤ «ይህችን እወስዳታለሁ እማማ! በየቤቱ ይዤያት ነው የምዞረው።»

ደሴ ግን እንደ ተከሳሽ ቆሞ መሟገቱን ቀጠለ። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። «እኛ ከባዕድ ጋር ተጋርተን አናውቅም እማማ። ጌትነት ወንድሜ ነው። አንድ እንጀራ እንቆርሳለን፣ አንድ ጋቢ እንለብሳለን። ወንድሜ መርፌውን ሲዘረጋልኝ አይ ብለው፣ ጉርሻውን ከአፌ ላይ እንደ መለስኩበት ነው። ጠረጠርኩህ ማለት ነው። እንዴት ብዬ?»

ይህን ሲል ክፍሉ ከዓይኔ ጠፋ።

በዚያ ፈንታ ያ ብር የሚባለው ወንዝ ዳር የልጅነቴ ሾላ መጣ። ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። የመንደሩ እኩዮች ሁሉ በሾላው ጥላ ሥር ተሰልፈን ተቀምጠናል። ከወንዝ ማዶ የመጣችው ነቃሽ በክር የታሰሩ መርፌዎቿን ጥላሸት ውስጥ እያጠቀሰች አንገታችንን በየተራ ትወጋለች። ንቅሳቱ ያስውባል፣ እንቅርትም ይከለክላል ይሉን ነበር። ከእኔ ፊት የተቀመጠችው እንደ ነፍሴ የምወዳት እንጉዳይ ናት። ደሟ በአንገቷ ሲወርድ እንዳላለቅስ ዞራ ምላሷን አወጣችብኝ። ነቃሿ መርፌዎቹን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ወደ እኔ መጣች። ሲያልቅ እንጉዳይ አቅፋኝ፣ «በቃ፣ በአንድ መርፌ ደማን። ከእንግዲህ እህትማማች ነን» አለችኝ።

እንጉዳይ ልጆቿ ሳይጠኑላት ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ፣ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ወፍ ነው አልን። ሥር አጠጣናት፤ ደም አስመለሳት። ማንም ሳያውቅ፣ ማንም ሳይበድላት፣ እያቀፍናት ሞተች።

እጄ ለካ አንገቴ ላይ ሄዷል። ጣቶቼ ያን ማርዳ የመሰለ ንቅሳት እየዳበሱ ነው። ስመኝና ደሴ ወደ አንገቴ ያያሉ።

«ስመኝ» አልኳት፣ «ይህ የአንቺ ሲ፣ ሰው ውስጥ ተደብቆ ስንት ዘመን ይቀመጣል?»

«ብዙ ዓመት፣ እማማ።»

«የአንዲት አሮጊት ዕድሜ ያህልስ?»

ንቅሳቴን በጣቷ ነካች። መልሱ ፊቷ ላይ ነበር።

ስለ ሾላው ሥር ነገርኳቸው። ስለ እንጉዳይ ነገርኳቸው። ስጨርስ ጌትነት ጋቢውን ከፊቱ ላይ ገፎ ተቀምጧል። እንደ ሕፃንነቱ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ «አንቺም በሰው መርፌ?» አለኝ።

«እኔም በሰው መርፌ። ያውም በዘፈንና በእልልታ።» ፍራሹ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ልጄ፣ የምትደብቀኝ ነገር አንገቴ ላይ ተጽፎ ነበር። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ እኔ እሄዳለሁ። ጣቴን ቀድሜ የምሰጠው እኔ ነኝ። አንተ ብትፈልግ ትከተለኛለህ፤ ባትፈልግ ደግሞ ጀሪካኔን ተሸክመህ ታደርሰኛለህ።»

 «ጀሪካኑን እይዛለሁ» አለ አቀርቅሮ። ከዚያ የበለጠ አልጠየቅሁትም።

በማግስቱ አራታችን በአንድ ባጃጅ ተጨናንቀን ሄድን። ነርሷ ታናሽ ልጄን የምትሆን ለዛ ያላት ሴት ናት። በየተራ ለየብቻ እንግባ አለችን። እኔ ግን፣ «የእኔን ይይ፤ ፈቅጃለሁ» ብዬ ጌትነትን ይዤው ገባሁ። የጣት መውጊያዋን ከወረቀቷ ውስጥ ዓይኔ እያየ ቀደደቻት። «አዲስ ናት እማማ፣ ከእርስዎ በኋላ ማንንም አትነካም» አለችኝ። የዚያች የሾላ ሥር ነቃሽ ትዝ አለችኝ። ምስኪን፣ እሷም አታውቅም ነበር። ማን ነግሯት?

የደሜን ጠብታ በነጭ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ጣለችው። ደሙ ብቻውን፣ ማንም ሳይገፋው፣ በነጩ ላይ እየተሳበ ሄደ። ጌትነት ትከሻዬ ላይ ተደግፎ ያያል፤ ትንፋሹ ጆሮዬ ላይ ነው። መጀመሪያ አንድ መስመር መጣች። ቆየ። ከዚያ ከምንም ውስጥ፣ እንደ ንጋት ጮራ ቀጥና፣ ሁለተኛይቱ መስመር ወጣች።

ነርሷ ምን ማለት እንደሆነ ሳትነግረኝ አወቅሁት። ስመኝ የምትለው ሲ የእኔም ቤተኛ ኖሯል፤ በሌላ ምርመራ በትልቅ ሆስፒታል መረጋገጥ አለበት ተባልኩ።

ፈርተው ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልፈራሁም። ተደነቅሁ። ይህ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ አድጓል። ስዳር አብሮኝ ተድሯል፣ ስወልድ አብሮኝ ነበር፣ ግሽ ዓባይ ድረስ በእግሬ ስወጣ እኔው ተሸክሜዋለሁ። በእንጉዳይ ላይ የተቆጣ፣ እኔን ዝም ያለ። ለምን? ነርሷን ጠየቅኋት፤ «እሱን እኛም አናውቀውም እማማ» አለችኝ። ያለ ሐፍረት አላውቅም ያለች የተማረች ሰው ደስ ትላለች።

ጌትነት እጄን ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ። «አይዞሽ እምዬ፣ ክኒን አለው፣ ስመኝ ድናለች፣ አንቺም ትድኛለሽ» እያለኝ ነው። ትናንት ይግደለኝ ያለው ልጅ! ከዚያ ሳይጠሩት ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ጣቱን ዘረጋ። «የእኔንም እምዬ ትየው» አለ።

የእሱ ሌላ ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ ቢ የሚሉት። ጎልማሳ ላይ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ታግሎ ያስወጣዋል፤ ብቻ መጠጥ እንዳይቀምስ፣ ሥርም እንዳይጠጣ፣ እየተመላለሰም እንዲታይ ነገሩት። ሥሩን ጠጥቶ ቢሆን ኖሮ ያቺ የደከመች እመቤት ምን ትሆን እንደነበር እያሰብኩ አማተብኩ። ደሴ ከሁሉም ነጻ ወጣ። ለቢ ክትባት አለውና ወዲያው ወጉት፤ እጁን እያሻሸ ወጥቶ፣ «ለመጀመሪያ ጊዜ በሕጋዊ መርፌ ተወጋሁ!» ሲል ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ልንለያይ ስንል ስመኝ ለሁለቱም የየራሳቸውን የታሸገ መርፌና ያገለገለውን የሚጥሉበት ጠንካራ ካርቶን ሰጠቻቸው። ደንግጬ ጎትቼ ወደ ጎን ወሰድኳት።

«ልጄ፣ ተዉ ማለት ሲገባሽ ትሰጫቸዋለሽ?»

«እላቸዋለሁ እማማ፤ የሚታከሙበትንም አሳያቸዋለሁ። ግን አንድ ሰው ለመተው መጀመሪያ መኖር አለበት። እኔ የተውኩት በሦስተኛው ሙከራዬ ነው። እስከዚያ ያኖረኝ ሰው ነበር።»

 ግንባሯን ሳምኳት።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እኔ መካሪ አይደለሁም፤ ያየሁትን ብቻ ነው የምነግራችሁ። ፍቅራችን ከአንድ ጽዋ መጠጣት፣ ከአንድ መሶብ መብላት፣ ለባልንጀራ ማጉረስ ነው። ይህ በጎ ነው፤ በዚህም የጉበት በሽታ አይተላለፍም ብላኛለች ስመኝ፣ አትፍሩ። ደም የነካ ነገር ግን፣ መርፌም ይሁን ምላጭ፣ የነቃሽም ይሁን የገራዥ፣ ለወንድም አይሰጥም። ለወንድምህ መርፌህን ስትነፍገው ያን ቀን ነው ያጎረስከው። ቤታችሁም ውስጥ አልጋ ሥር የሆነ ነገር የሚገፋ ልጅ ካለ፣ በሩን ስታንኳኩ ቀስ ብላችሁ አንኳኩ። ከበሽታው ይልቅ እናንተን እየፈራ ይሆናል።

እኔ ሆስፒታሉ ካረጋገጠልኝ ወዲያ ክኒኑን ለሦስት ወር ዋጥኩ። ኋላ ደሜን አይተው «ወጥቶልዎታል» አሉኝ። ያ ሁሉ ዘመን አብሮኝ የኖረ እንግዳ፣ ደህና ሁኚ እንኳ ሳይለኝ ሄደ። የጌትነት ዓይን ነጽቷል። መርፌውን ተወ ብዬ ብምልላችሁ ውሸት ይሆንብኛል፤ ትቶ ነበር፣ ተመለሰበት፣ አሁን ደግሞ እንደገና ትቷል። ሲተውም ሲመለስም ይነግረኛል። ስልኩን ቶሎ አይዘጋብኝም።

ለምን እንደምዞር አላውቅም ነበር ብያችሁ አልነበር? አሁን አውቄዋለሁ። በዚያ ሾላ ሥር ከተሰለፍነው ውስጥ በሕይወት ያሉትን እየፈለግሁ ነው። አንዷ ፍኖተ ሰላም፣ አንዷ ከቡሬ ወጣ ብላ፣ አንዷ ደግሞ ሰከላ ዳገት ላይ ናት። ባለፈው የሰከላዋን ዘንድ ስሄድ ጌትነት ጀሪካኔን ተሸክሞ አብሮኝ ወጣ። አለንጋ የምትባል ናት፤ ዓይኗ ደክሟል፣ በድምፄ ነው የለየችኝ። አንገታችንን በአንገታችን አስደግፈን፣ ንቅሳት በንቅሳት ላይ፣ ብዙ አለቀስን።

«አንቺ ዘዋሪ!» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። «ይህን ሁሉ ዳገት ምን ፍለጋ ወጣሽ?»

ጌትነትን አየሁት። ዓይኑ እንደ ጥጥ ነጭ ነው። እሱ ቀድሞ ጎንበስ አለና እጇን ያዘ።

«ጣትዎን ነው፣ እማማ» አላት። «አንዲት ጠብታ ብቻ። ጤና ጣቢያ እኔ አብሬዎት እገባለሁ።»